የጓሮ ሙዝ የሚበላው ከቤት ነው፦ የጥራጊና የኮምፖስት ታሪክ

 ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮምፖስት ነው። ግን እንደ ወትሮው «ይህን ያህል ሜትር ቆፍሩ» ብዬ አልጀምርም፤ አሠራሩ ወደ መጨረሻው ይመጣል። መጀመሪያ ታሪኩን ልንገራችሁ። ታሪኩን ያወቀ ሰው የጓሮውን ጥራጊ ክብሪት አይጭርበትም።

እስቲ ጓሯችሁን ተመልከቱ። ማድ ቤቱ ጀርባ፣ አመድና ጥራጊ በሚደፋበት በኩል ያለው ሙዝ ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ዘለላው ከባድ ነው። ከዚያ ሠላሳ እርምጃ ርቆ አጥር ሥር የተተከለው ደግሞ ዝርያውም ያው፣ ዝናቡም ያው ሆኖ ይቀጭጫል። አፈሩ ሲፈጠር የተለያየ ስለሆነ አይደለም። አንዱን ቤቱ ያበላዋል፣ ሌላውን ማንም አያበላውም። የሙዝ ጓሮ ለምነት ከሰማይ አይወርድም፣ ከማዳበሪያ ጆንያም ብቻ አይመጣም። ሰው ተሸክሞ ነው የሚያመጣው። መሸከሙ ሲቆም ለምነቱም ይቆማል። ይህን ከብዙ ዘመን በፊት አውቀው የኖሩ ሰዎች አሉ፤ ከነሱ እንጀምር።

የቡኮባ ሰዎች የሠሩት አፈር

ከኛ ወደ ደቡብ፣ ኬንያን አልፎ፣ ታንዛኒያ ውስጥ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ቡኮባ የሚባል አገር አለ። ሕዝቡ ሃያ ይባላል፤ ቁጥሩን አይደለም የምላችሁ፣ ስማቸው ነው። ለነሱ ሙዝ እንደኛ ከምግብ በኋላ የሚበላ ፍራፍሬ አይደለም፣ እንደ እንጀራ ነው። ጥሬውን ቀቅለው ይበሉታል፣ የበሰለውን ጠምቀው ይጠጡታል። ሙዝ ተክሉ ከሩቅ የመጣ ነው። ኒው ጊኒ በሚባለው የሩቅ ምሥራቅ ደሴት ሰው ሙዝ መትከል ከጀመረ ወደ 7,000 ዓመት ይጠጋል። ከእስያ ተነሥቶ አፍሪካ ገባና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ላሉ ሕዝቦች ዋና ምግብ ሆነ።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ቡኮባ ዝናብ ይበዛበታል። ዝናቡ ንጥረ ነገሩን አጥቦ ስለወሰደው አፈሩ አሲዳማና ደካማ ነው። ሜዳው ላይ ከሣር በቀር ብዙ ነገር አይበቅልም፤ ያን ሜዳ «ሩዌያ» ይሉታል። ከሜዳው መሀል ግን እንደ ደሴት ጥቅጥቅ ብለው የቆሙ የሙዝ ጓሮዎች አሉ። እነሱ ደግሞ «ኪባንጃ» ይባላሉ። ቤቱ መሀል ላይ ነው፣ ዙሪያውን ሙዝ፣ ከሙዙ ሥር ቡናና ቦሎቄ። የአፈር ባለሙያዎች ሲመረምሩት የጓሮውና የሜዳው አፈር በመነሻው አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሰው ነው።

እንዴት አመጣው? ከብቱ ቀን ሜዳ ላይ ይግጣል፣ ማታ ቤት ይገባል፣ ፍጉ ሙዝ ሥር ይደረጋል። ሣር ከሜዳ እየታጨደ ይመጣና ሙዝ ሥር ይነጠፋል። አመዱ፣ ልጣጩ፣ ዘለላው ከተቆረጠ በኋላ የሚወድቀው ግንድና ቅጠሉ ሁሉ ከጓሮው አይወጣም። ሜዳው ጓሮውን ይመግባል፤ ከብትና ሰው አጓጓዥ ናቸው። እንዲህ እየተደረገ ደካማው አፈር ትውልድን ከትውልድ ሲመግብ ኖረ። ዩሪያ የለ፣ ዳፕ የለ።

ክፉ ቀን ከበሬው ሌላ የወሰደው

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባውን የከብት ደስታ በሽታ ከአያቶቻችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። በምጽዋ በኩል፣ ጣሊያኖች ካስመጧቸው ከብቶች ጋር እንደገባ ነው የሚታመነው። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት፣ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ዘመኑ ክፉ ቀን ተባለ።

በሽታው ግን እኛ ጋ አላቆመም። ወደ ደቡብ ወርዶ በጥቂት ዓመት ውስጥ የቪክቶሪያን ሐይቅ አካባቢ አዳረሰ። የቡኮባንም ከብት ፈጀ። እኛ ክፉ ቀን ሲባል የምናስታውሰው ሞፈር የሚጎትተውን በሬ ነው። ቡኮባ ውስጥ ሙዝ በበሬ አይታረስም፤ ከብት ሲያልቅ የተቋረጠው ፍጉ ነው። ሜዳውን ከጓሮው የሚያገናኘው ድልድይ ተሰበረ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በዛ፣ የግጦሹ ሜዳ ጠበበ፣ ከብት የሌለው ቤት ብዙ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ወደ ጓሮው የሚገባውንና ከጓሮው የሚወጣውን ንጥረ ነገር ደምረው ቀንሰው ሲያዩት፣ ከብት በሌላቸው ቤቶች የሚወጣው ከሚገባው በልጦ ተገኘ። እንደ ቁጠባ ደብተር አስቡት። አባት ያስቀመጠውን ልጅ ሳይጨምርበት ሲያወጣ ለጊዜው ምንም አይታወቅም። አንድ ቀን ግን ደብተሩ ባዶ ይሆናል። ሙዙም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ዘለላው ያንሳል፣ ቀጥሎ ግንዱ ይቀጥናል፣ መጨረሻ ላይ በነፋስ ይወድቃል።

ደስታ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታውጇል። እሰየው ነው። ፍጉ ከጓሮ የሚሸሽበት መንገድ ግን አልጠፋም። ዛሬ ከብቱ በረት እያለ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ የተረፈውም በመደብ ይሸጣል።

የእናቶቻችን ጓሮ

ይህን ጥበብ ፍለጋ ቡኮባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ እኛም ጋ አለ። እንሰትና ሙዝ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ እንሰቱ ቤቱን ከቦ ነው የሚቆመው። ከብቱ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ጠዋት እበቱና ጥራጊው ተዝቆ እንሰቱ ሥር ይደፋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ማንም «ባለሙያ» ብሎ አልጠራቸውም እንጂ የአፈሩ ባለሙያዎች እነሱ ናቸው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ እንሰትና ቡና ከትልልቅ ዛፍ ሥር አብረው የቆሙበት ይህ አኗኗር ነው የተመዘገበው።

በሰሜኑም ቢሆን ጎመኑና ቃሪያው፣ ጌሾውም ለምን ከቤት አጠገብ እንደሚተከል ታውቃላችሁ። የጓሮ መሬት ምን ጊዜም «የሰባ» ነው።

ኢንዶር ላይ ጥራጊው ሥርዓት ያዘ

ታዲያ ኮምፖስት የምንለው ክምር ከየት መጣ? ጥራጊን አበስብሶ ወደ ማሳ መመለስ ከጥንት ጀምሮ በቻይናም በሕንድም የነበረ ነው። በልክና በጊዜ አድርጎ የጻፈው ግን አልበርት ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ የእርሻ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ገበሬውን ሊያስተምር ሕንድ ሄደ። እዚያ የገበሬውን ማሳ ባየ ቁጥር ከማስተማሩ ይልቅ መማሩ በዛ። ከ1924 እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ኢንዶር በሚባል ከተማ የምርምር ጣቢያ እየመራ፣ ያሽዋንት ዋድ ከተባለ ሕንዳዊ ኬሚስት ጋር ሆኖ ዘዴውን አስተካከለ።

የሕንድ ገበሬ ችግር የኛው ችግር ነበር፤ እበቱን ለማገዶ ያነደዋል። ስለዚህ ሃዋርድ ትንሹን እበት እንደ እርሾ ተጠቀመበት። ብዙውን ክምር የሚሞላው የጥጥ አገዳው፣ አረሙ፣ የረገፈው ቅጠልና ገለባው ነው። በዚያ ላይ የከብት ሽንት የጠጣ አፈርና የእንጨት አመድ ይጨመራል። እርጥበቱ እየተጠበቀ፣ ሦስት ጊዜ እየተገላበጠ፣ በ3 ወር ውስጥ ጥቁር፣ የሚፈረፈር፣ የጫካ አፈር የሚሸት ነገር ይሆናል። በ1931 እ.ኤ.አ. ይህን በመጽሐፍ አወጣው፤ ዘዴውም «የኢንዶር ዘዴ» ተብሎ በብዙ አገር ተዳረሰ። እኛ የልማት ሠራተኞች ዛሬ የምናሳያችሁ ክምር የዚያ ልጅ ነው።

እርሾ ያልኩት በደንብ ይያዝልኝ። እናቶቼ፣ ለአንድ ቡሆቃ ሊጥ ምን ያህል እርሾ ትጨምራላችሁ? ትንሽ ነው። ኩበቱን በሙሉ ከምድጃ አንሡ አላልኩም፤ ማገዶ ከየት ይምጣ? ከአምስት ቅርጫት አንዱን ለክምሩ ተዉለት ነው የምለው።

1960 ዓ.ም. የመጣውና ያልመጣው

በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ በአርሲ፣ በስዊድን ድጋፍ፣ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው ማቅረብ ጀመረ። ከዚያም አሠራሩ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሰፋ። ዳፕና ዩሪያ የሚሉት ስሞች በገበሬው አፍ የገቡት እንዲህ ነው። ስንዴና በቆሎው ላይ ያመጡትን ለውጥ ማንም አይክድም።

በነዚሁ ዓመታት አለማያ እርሻ ኮሌጅ የነበሩ መርፊ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ከየአገሩ የተሰበሰበ አፈር መርምረው ጽፈው ነበር። የኢትዮጵያ አፈር በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ይደኸያል፣ ፖታሲየም ግን አይቸግረውም የሚለው አስተያየት ሥር የሰደደው ከዚያ ነው። ስለዚህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ወደ አገር የገባው ማዳበሪያ ሁለት ነገር ብቻ የያዘ ሆነ። ዳፕ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አለው፤ ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ።

እንግዲህ ሙዝ የሚፈልገውን አስቡ። ሙዝ ከሁሉ አብልጦ የሚበላው ፖታሲየም ነው። አንድ ዘለላ ሲቆረጥ ከናይትሮጅን ይልቅ በእጥፍና ከዚያ በላይ ፖታሲየም ይዞ ይሄዳል። በየዓመቱ ዘለላ እየተሸጠ ምንም ካልተመለሰ፣ የመርፊ ጊዜ ሀብታም አፈር እንኳ ጓሮው ውስጥ ይደኸያል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በተሠራው የአፈር ካርታም ሰልፈር፣ ዚንክና ቦሮን በብዙ ወረዳ፣ ፖታሲየምም በአንዳንድ ቦታ መጉደሉ ታይቷል። ኤን ፒ ኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ሰልፈር ተጨምሮበታል፤ ፖታሲየም ግን የለውም። ጆንያው ላይ «ኬ» የሚለው ፊደል ከሌለ ፖታሲየም የለም ማለት ነው።

ታዲያ ሙዙ ፖታሲየም ከየት ያምጣ? ከምድጃችሁ ነዋ! ፖታሽ የሚለው ስም ራሱ በአውሮፓውያን ቋንቋ «የድስት አመድ» ማለት ነው። ድሮ የእንጨት አመድ በውሃ እያጠለሉ፣ ውሃውን በድስት እያፈሉ ያወጡት ነበር። አመዱ ውስጥ አለ፣ የሙዝ ልጣጩ ውስጥ አለ፣ ከሁሉ በላይ ዘለላው ከተቆረጠ በኋላ በምትጥሉት ግንድና ቅጠል ውስጥ አለ። ይህን ከአጥር ውጭ የጣለ ሰው ከጆንያው ውስጥ የሌለውን ማዳበሪያ ጣለ።

በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ያሉበት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከትግራይ ግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ በአራት መንደሮች የኮምፖስት ሥራ ጀመረ። መሬቱ የተራቆተ፣ ዝናቡ አጭር ነበር። ቆይቶ የምርቱ ልክ ሲሰበሰብ፣ ኮምፖስት የገባበት ማሳ ምንም ካልገባበት በግምት እጥፍ ሰጠ፤ ማዳበሪያ ከገባበትም በአብዛኛው አላነሰም። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ሥራቸው ግን በየገበሬ ማሰልጠኛው ይነገራል። ለጤፉና ለበቆሎው ማዳበሪያ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ለሰፊ ማሳ የሚበቃ ኮምፖስት መሥራት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ለአሥርና ለሃያ እግር የጓሮ ሙዝ ግን ቤታችሁ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ሲንር ምን እንደገጠማችሁ እናንተው ታውቃላችሁ። ያኔ የአመድ ዋጋ አልጨመረም።

አሁን ወደ ጓሯችሁ

አንደኛ፣ ቦታ። ጥላ ያለበት፣ ጎርፍ የማይገባበት፣ ከሙዙ ብዙ የማይርቅ ቦታ ምረጡ። በጋ ከሆነ አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ፣ ክረምት ከሆነ ከመሬት በላይ ክምር ይሻላል፤ ጉድጓድ ውሃ ይይዛል።

ሁለተኛ፣ አደራረብ። ከታች እንጨት እንጨቱን ለአየር አንጥፉ። በላዩ ደረቁን፣ ማለትም ገለባ፣ የበቆሎ አገዳና የረገፈ ቅጠል አድርጉ። ከዚያ እርጥቡን፣ ፍሬ ያላፈራ አረም፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ በገጀራ የተከታተፈ የሙዝ ግንድ። ቀጥሎ በውሃ የተበጠበጠ እበት፣ ትንሽ አመድና ትንሽ የላይ አፈር። እንዲህ እያላችሁ ደጋግሙ። የሙዝ ግንድ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ብቻውን ከተከመረ ይሸታል፤ ከደረቅ ጋር ቀላቅሉት። ሳይከታተፍ ከተጣለ ደግሞ ግንድ የሚሰረስረው ጢንዚዛ ይራባበታል።

ሦስተኛ፣ ክትትል። ረዘም ያለ ዱላ መሀሉ ላይ ሰክታችሁ ተዉት። በሳምንቱ ስታወጡት ሞቅ ብሎ ረጠብ ካለ ሥራው ተጀምሯል። ደረቅ ከሆነ ውሃ አርከፍክፉ፤ ቀዝቅዞ ከሸተተ ገልብጡና ደረቅ ጨምሩ። በየሦስት ሳምንቱ ገደማ አገላብጡ። ከሦስት እስከ አራት ወር ይደርሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ አትቸኩሉ። ያልበሰለ ክምር ሥር ላይ ከተደረገ ተክሉን ይጎዳል።

አራተኛ፣ አጠቃቀም። የሙዝ ሥር ወደ ላይኛው አፈር የቀረበ ነው፤ ጠልቃችሁ አትቆፍሩ። ከግንዱ ሁለት ሦስት ስንዝር ራቅ ብላችሁ፣ በተለይ ለቀጣዩ ዓመት በተተወው ልጅ በኩል፣ ዙሪያውን አድርጉና አፈር ቀባ አድርጉበት። ለአንድ እግር ከ10 እስከ 20 ኪሎ በዓመት፣ በሁለት ከፍላችሁ፣ አፈሩ እርጥብ ሲሆን። ከላዩ ደረቅ ቅጠል ወይም ሣር አልብሱት። ግንዱን ግን አያስነኩት።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በሳይንስ የተመዘገበው እዚሁ አገራችን፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ1974 ደግሞ ሙዝ ላይም መታየቱ ተጻፈ። በ2001 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ላይ ታየና በታላላቅ ሐይቆች አገሮች የስንቱን ጓሮ አጠፋ። ከሚያስተላልፉት ነገሮች አንዱ ገጀራ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ያለጊዜው ቢጫ ሆኖ የሚጠወልግ፣ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ የሚያወጣ፣ ፍሬው ያለጊዜው የሚበስልና ውስጡ የሚጠቁር ሙዝ ካያችሁ ኮምፖስት ውስጥ እንዳታስገቡት። እዚያው ነቅላችሁ ቅበሩ፣ ገጀራውን በእሳት አግሉት፣ የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛ ጥሩ። ፌስታል፣ ባትሪና ብርጭቆም ክምሩ ውስጥ አይግባ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልበላችሁ። የቡኮባ ጓሮ ለትውልድ የቆየው አፈሩ ጥሩ ስለነበር አይደለም፤ በየቀኑ አንድ ሰው አንድ ቅርጫት ስለተሸከመ ነው። የእናንተም ጓሮ ከሚሰጣችሁ ሙዝ አንዱ ዘለላ ገበያ ይሂድ፣ አንዱን ልጆች ይብሉት፤ ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ ልጣጩና አመዱ ግን የሙዙ ድርሻ ነው፤ መልሱለት። ነገ ጠዋት ቤት ሲጠረግ ጥራጊው ወዴት እንደሚሄድ ከባለቤታችሁና ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። ሸክሙንም ተከፋፈሉት፤ ለእናቶች ብቻ አትተዉት።

መልካም የሥራ ጊዜ ይሁንላችሁ። ቸር ይግጠመን።